በርታን ማን ተረከልን? ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከመካከላችሁ አንዷ «ልብ ወለድን በሥርዓተ ጾታ ሂስ መተንተን ማለት ደራሲው ለሴት አዝኗል ወይስ አላዘነም ብሎ መፍረድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሥርዓተ ጾታ ሂስ አንድ ጽሑፍ ሴትነትንና ወንድነትን እንዴት እንደሚያቀርብ የሚመረምር የንባብ ስልት ነው። ጥያቄዋ ብዙ ዘመን ሲቆጨኝ የኖረ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ተማሪ ሳለሁ የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» እናነብ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1847 የታተመው ከረር ቤል በሚል የብዕር ስም ነው፤ ደራሲዋ ሴት መሆኗ ከታወቀ በሌላ ሚዛን መመዘኗ አይቀርም ነበር። መምህራችን አንደበተ ርቱዕ ነበሩ። ስለ ተራኪዋ ስለ ጄንና በአስተማሪነት ስለተቀጠረችበት ቤት ጌታ ስለ ሮቸስተር ፍቅር ሲያስረዱ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ፣ እምብዛም የማትናገር ጓደኛችን እጇን አወጣች።

«የበርታ ገንዘብ የት ደረሰ?» አለች።

በርታ ሜሰን የሮቸስተር ሚስት ናት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተቆልፎባት የምትኖረው «እብድ»። አባቷ የዳሯት 30,000 ፓውንድ ሰጥተው ነው። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ1882ቱ አዋጅ እስኪወጣ ድረስ፣ ያገባች ሴት ሀብት በአብዛኛው በባሏ እጅ ይገባ ነበር። ጓደኛችን ሕጉን አታውቀውም። ምዕራፍ 27 ላይ ሮቸስተር ራሱ ስለ ገንዘቡ የተናገረውን ግን በእርሳስ አስምራበት፣ ገጹን ገልጣ ይዛለች።

መምህራችን «እዚህ የምንማረው ሥነ ጽሑፍ እንጂ የውርስ ክርክር አይደለም» ብለው አለፉ። ክፍሉ ሳቀ። እሷም መጽሐፏን ዘጋች፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሌላ የትምህርት ክፍል ተዛወረች። ከሁላችንም የተሻለች አንባቢ እሷ ነበረች። ያ ጥያቄ ሳይጻፍ መቅረቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ተከትላችሁት ብትሄዱ የሚያደርሳችሁን ተመልከቱ። የሮቸስተር አባት ርስታቸው እንዳይከፋፈል ሁሉንም ለታላቁ ልጅ አወረሱ፤ ለታናሹ ለሮቸስተር ሀብታም ሚስት ተፈለገችለት። ወንዱም ለገበያ የቀረበ ነው ማለት ነው። የሥርዓተ ጾታ ሂስ ስለ ሴት ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ነገር ግን እሱ የራሱን በደል ራሱ ይተርካል፤ የበርታን ሕይወት የምንሰማውም ከእሱው አፍ ነው።

«በርታ አንድም ቃል አልተናገረችም» ብላችሁ ግን እንዳትጽፉ። የዘንድሮ ተማሪዎች ወረቀት ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኛል፤ ከማጠቃለያ ተቀድቶ እንደመጣ ያስታውቃል። ምዕራፍ 20ን አንብቡ። ያቆሰለችው ወንድሟ ደሙን እንደመጠጠችው፣ የልቡን ደም እንደምታሟጥጠው እንደነገረችው ይናገራል። ተናግራለች፤ ቃሏ የደረሰን ግን በወንድሟ አንደበት ነው።

እናንተ እኛ በዕድሜያችሁ ያልሰማናቸውን የሂስ ሊቃውንት ታውቃላችሁ። የሥርዓተ ጾታ ንድፈ ሐሳብ ሊቅ ጁዲት በትለርን በየገጹ ጠቅሶ ከልብ ወለዱ አንዲት መስመር ያልጠቀሰ ጽሑፍ ሳርም እናደዳለሁ፤ ንድፈ ሐሳቡን ወዲያ በሉት ማለትም ያምረኛል። መልሼ ደግሞ ሃያሲዎቹ ሳንድራ ጊልበርትና ሱዛን ጉባር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ በርታን የጄን የታፈነ ቁጣ አድርገው ባያነቧት ኖሮ ያንን ቁጣ ብቻዬን አላገኘውም ነበር። ሁለቱንም የምለው ከልቤ ነው።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ ምዕራፍ 12 ላይ ጄን ሴቶችም እንደ ወንዶች እንደሚሰማቸው፣ ችሎታቸውን የሚያሠሩበት መስክ እንደሚያሻቸው ትናገራለች። ወዲያው ሳቅ ትሰማለች። የሠራተኛዋ የግሬስ ፑል ሳቅ ይመስላታል፤ የበርታ ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1929 እዚህ ቦታ ላይ ትረካው ተሰበረ ብላ ቅር ተሰኝታለች። እኔ በዚህ አልስማማም። ስለ ሴት ነጻነት የሚናገረው መጽሐፍ ያቺን ሌላዋን ሴት ቆልፎባታል፤ ሳቋም ከንግግሩ ሥር መጥቶ ተሰማ። ደራሲዋ ይህን አውቃ አደረገችው ወይስ ሳታውቅ? ከመፍረድሽ በፊት ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ገልብጠሽ፣ ያየሽውን ጽፈሽ ላኪልኝ።