ኮምፓይለሩ የማያውቀው ኦፕሽን ሲገጥመው

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የአንዲት ትንሽ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኮምፓይለር፣ ማለትም ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይር መሣሪያ፣ እየጻፍኩ ነው። በኮማንድ ላይን የማያውቀው ኦፕሽን (አሠራሩን የሚወስን ተጨማሪ ትእዛዝ) ሲሰጠው ዋርኒንግ አሳይቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ አማካሪዬ ግን ማቆም አለበት ይላሉ። ሄልፕ ሲጠየቅስ ጽሑፉን ወዴት ማውጣት ይኖርበታል?

መልስ፦ አማካሪዎ ትክክል ናቸው። አንድ ሰው ፕሮግራሙ እንዲፈጥንለት «ዳሽ ኦ 2» ለማለት ፈልጎ በኦ ፊደል ፈንታ ዜሮ ቢጽፍ፣ ታዋቂው ኮምፓይለር ጂሲሲ ኦፕሽኑን እንደማያውቀው ገልጾ ያቆማል። የእርስዎ ኮምፓይለር ግን ኦፕቲማይዝ ያልተደረገ ፕሮግራም ያስረክበዋል፤ ዋርኒንጉም በሌሎች መልእክቶች መካከል ሳይታይ ያልፋል።

የባሰው ችግር የሚመጣው ኮምፓይለሩን የሚያዘው ስክሪፕት ሲሆን ነው። አውቶኮንፍ በተባለው መሣሪያ የሚዘጋጁና አንድ ፕሮግራም ከመገንባቱ በፊት ኮምፒውተሩን የሚፈትሹ የኮንፊገር ስክሪፕቶች አንድ ኦፕሽን መኖሩን ሲያጣሩ፣ ኦፕሽኑን ጨምረው አጭር ፕሮግራም ኮምፓይል ያስደርጉና አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱን ሳያነቡ ኤግዚት ኮዱን (ፕሮግራም ሲጨርስ የሚመልሰውን ቁጥር፤ ዜሮ ተሳክቷል ማለት ነው) ብቻ ያያሉ፤ ዜሮ ከሆነ ኦፕሽኑ አለ ብለው ይመዘግባሉ። የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር ሲኤል የማያውቀውን ኦፕሽን ዲ9002 በሚባል ዋርኒንግ ስለሚያልፈው፣ እንዲህ ባለው ፍተሻ የሌለው ሁሉ ያለ ይመስላል። ኩባንያው ራሱ ይህን ዋርኒንግ ወደ ኤረር የሚቀይር ኦፕሽን ኋላ ላይ መጨመሩ ብዙ ይናገራል።

ጂሲሲ አንድ ነገር ብቻ ይታገሣል። «ዳሽ ደብሊው ኖ ዳሽ» ብሎ የሚጀምር፣ ማለትም አንድን ዋርኒንግ የሚያጠፋ ኦፕሽን የማያውቀው ከሆነ፣ ሌላ ዋርኒንግ ወይም ኤረር እስካልተነሣ ድረስ ዝም ይላል፤ ለአዲስ ኮምፓይለር የተጻፈ ሜክፋይል (የግንባታ ትእዛዞችን የያዘ ፋይል) በአሮጌውም እንዲሠራ ታስቦ ነው። የሌለ ዋርኒንግ ቢጠፋ የሚጎዳ ስለሌለ ውሳኔው ያስማማኛል፤ ስክሪፕት ጸሐፊዎች ግን የሚያጠፋው ኦፕሽን ሁልጊዜ ያለ ስለሚመስል ዋርኒንጉን የሚያበራውን ኦፕሽን መፈተሽ ይኖርባቸዋል።

ሄልፕን በተመለከተ ጂሲሲን የሚያዘጋጀው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የግኑ ደንብ ግልጽ ነው፦ ተጠቃሚው «ዳሽ ዳሽ ሄልፕ» ሲል ጽሑፉ በስታንዳርድ አውትፑት (በመደበኛው የውጤት መስመር) ይወጣል፣ ኤግዚት ኮዱም ዜሮ ይሆናል። ተጠቃሚው ጽሑፉን በፓይፕ ወደ ግሬፕ (ጽሑፍ ፈላጊ ፕሮግራም) ልኮ የሚፈልገውን መስመር መለየት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የስህተት መልእክት ግን በስታንዳርድ ኤረር (ለስህተት በተለየው መስመር) ይውጣ፣ ኮዱም ከዜሮ የተለየ ይሁን። ለአንድ የተሳሳተ ፊደል መላውን የሄልፕ ጽሑፍ መዘርገፍ ስህተቱን ከማሳየት ይልቅ ይቀብረዋል፤ የጃቫው ኮምፓይለር ጃቫሲ የተሳሳተውን ኦፕሽን ጠቅሶ ዝርዝሩ በሄልፕ እንደሚገኝ ብቻ ይጠቁምና ኮድ 2 ይመልሳል፣ አዳዲሶቹ ጂሲሲዎች ደግሞ «ይህን ለማለት ነው?» ብለው ተቀራራቢውን ኦፕሽን ያቀርባሉ። ጊዜ ካለዎት ይህን የመጨረሻውን ቢጨምሩ ተጠቃሚዎችዎ ይወዱልዎታል።