ቻርጀር ባትሪ መኖሩን በምን ያውቃል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የመኪና፣ የባጃጅና የሶላር ባትሪ እሠራለሁ። ስለ ቻርጀር የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጠይቁ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ አዲሱን ቻርጀር ሶኬት ላይ ሰክቼ ሁለቱን መቆንጠጫ በስህተት ባነካካቸው ብልጭ እንኳን አላለም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ደህና ነው። ዘመናዊ ቻርጀር መጀመሪያ መቆንጠጫው ላይ ከባትሪው የሚመጣ ቮልት መኖሩን ያያል። ካጣ ኤሌክትሪክ አይለቅም። የ12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ገደማ፣ ሲደክም 12 አካባቢ ነው፤ ይህን ሲያነብ ሥራ ይጀምራል። ከባዱ የድሮ ባለትራንስፎርመር ቻርጀር ግን ባትሪ ኖረም አልኖረም ይለቃል። እሱን እንዳታነካኩት።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ባጃጄ ለወራት ቆማ ነበር። ቻርጀሩ "ባትሪ የለም" ይለኛል። ባትሪው ግን እኮ አለ!

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቻርጀሩ የሚያውቀው ቮልት ብቻ ነው። ባትሪው በጣም ከወረደ ጭራሽ እንደሌለ ይቆጥረዋል። በዚህ ሰበብ ስንቱ ደህና ባትሪ ለቆሻሻ እንደሚጣል ሳስብ ያናድደኛል።

መጀመሪያ ምሰሶዎቹ ላይ የተጋገረውን ነጭና አረንጓዴ ዝቃጭ ፍቀህ አጽዳ። መቆንጠጫው እሱ ላይ ካረፈ ቻርጀሩ ምንም አያነብም። ቀጥሎ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለካ። አንድ ሁለት ቮልት ብቻ ካሳየ፣ ባትሪው ካላበጠና ካልፈሰሰ፣ ደህና ባለ12 ቮልት ባትሪ አምጣ። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኝና ቻርጀሩን በደካማው ላይ አድርግ። የደህናው ቮልት ቻርጀሩን ያስነሳዋል። ትንሽ ቆይተህ ቻርጀሩን አጥፋ፣ ደህናውን አውጣ፣ መልሰህ አብራ። አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ደካማውን በራሱ ያነበዋል። ሁሌም አጠገቡ ሁን፤ በእጅህ ስትነካው ከጋለ ወዲያው አቁም። ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ከሰልም ሲጋራም አይቅረበው፤ በር ይከፈት።

ጥያቄ፦ ይህ ዘዴ ለኤሌክትሪክ ሞተር ሊቲየም ባትሪም ይሠራል?

መልስ፦ በፍጹም! ሊቲየም ውስጡ መቆጣጠሪያ ቦርድ አለው። ቮልቱ ሲወርድ ቦርዱ መውጫውን ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ውጭው ላይ ዜሮ ቢነበብም ውስጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ከሌላ ባትሪ ጋር ማገናኘት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ለሚያውቀው ሰው ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ቀይና ጥቁር ቢቀያየርብኝስ?

መልስ፦ ዘመናዊው ቮልቱ ተገልብጦ ስለሚያገኘው አይለቅም፤ ብዙውን ጊዜ የስህተት መብራት ያበራል። አሮጌው ፊውዝ ቢያቃጥል ዕድለኛ ነህ።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከየት ይቀጥላል?

መልስ፦ ብዙዎቹ እንደ አዲስ ለክተው ይጀምራሉ። ችግር የለውም።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ለአንድ የሊቲየም ድንጋይ የምትሆነዋ ትንሿ ቻርጀር ቦርድ ድንጋዩን ሳወጣው መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ምን ሆና ነው?

መልስ፦ መውጫዋ ላይ ያለው ካፓሲተር (ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ) ነው። በቅጽበት 4.2 ቮልት ሲደርስ ቦርዷ "ሞላ" ብላ ታቆማለች። ጥቂት ሲወርድ እንደገና ትሞላዋለች። ድንጋይ ቢኖር ያን ያህል ቶሎ አይሞላም ነበር። ብልጭ ድርግሙ ራሱ "ባትሪ የለም" ማለት ነው፤ ድንጋዩን መልሰህ ስትከት ካላቆመ ግን ስፕሪንጉን እይ፣ ላልቶ ይሆናል።