የትኛው አጋዘን ግድግዳ ላይ ይሰቀል?

ሙያዬ የታደነ እንስሳን ራስ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አድርጎ መሥራት ነው። ከቨርጂኒያ የጻፉልኝ አንባቢ ችግራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር ባለ አሥር ቅርንጫፍ ቀንድ አጋዘን ጥለዋል፤ እንደ አገራችን ልማድም በስመ አብ ብለው ባርከው አርደውታል። በታኅሣሥ ደግሞ የ15 ዓመት ልጃቸው በሕይወቷ የመጀመሪያውን፣ ባለ ስድስት ቅርንጫፉን መታች፤ ሲደርሱበት ነፍሱ ወጥታ ስለነበር አንገቱን ቢላ አልነካውም። ሁለቱም ራሶች ከነአንገት ቆዳቸው ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጠዋል። በተጨማሪ በጸደይ የታደነ የተርኪ (ትልቅ የዱር ወፍ) ጅራት፣ መንገድ ዳር ሞቶ የተገኘ ጭልፊት፣ አዲስ አበባ ቤተሰብ ቤት ደግሞ ከአባታቸው የቀረ የአጋዘን ቀንድ አለ። «ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ነው፤ ባለቤቴም የፈቀደችልኝ አንድ ግድግዳ ነው። የትኛውን ላሠራ? ትልቁስ የታላላቅ ቀንዶች መዝገብ ይገባ ይሆን?» ይላሉ።

ወንድሜ፣ የልጅዎን ያሠሩ። ትልቁን የራስ ቅሉን ብቻ ነጭ አድርገው ከነቀንዱ ይስቀሉት፤ ይህንንም ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። እንዲህ የምለው ለልጅዎ አድልቼ አይደለም፤ ምክንያቴ ቆዳው ነው።

ወደ እኔ የሚመጣ አዳኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ቀንድ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ወደ ቆዳው ነው። የአጋዘን ቀንድ አጥንት ነው፤ ደረቅ ቦታ ካስቀመጡት ሃያ ዓመት ቢቆይም ምንም አይሆንም፣ ስለዚህ ስለ ቀንድ ለመወሰን የሚያጣድፍዎ የለም። ቆዳ ግን እንስሳው ከወደቀበት ሰዓት ጀምሮ መበላሸት ይጀምራል። ብዙ ሰው እንደሚመስለው በገለባ የተሞላ ራስ አንሠራም። ከእንስሳው የምንወስደው የለፋውን ቆዳና ከቁራጭ የራስ ቅል ጋር የተቆረጠውን ቀንድ ብቻ ነው፤ የቀረው፣ አንገቱም ፊቱም፣ በልክ የተገዛ ፎም (በእንስሳው ቅርጽ የተሠራ ቀላል ፕላስቲክ) ነው፣ ዓይኑ መስታወት ነው። እንግዲህ ለትከሻ ሥራ፣ ማለትም ራሱ ከነአንገቱ እስከ ትከሻው ለሚሠራበት፣ ገንዘብ ሲከፍሉ የሚከፍሉት ለቆዳው ነው ማለት ይቻላል፤ ቆዳው ጉዳት ካለበት የቀንዱ ትልቅነት አያድነውም።

አሁን ወደ አንገቱ ልምጣ። ያገሬ ልጆች ከሚያመጡልኝ ራሶች መካከል በዚህ ምክንያት የተበላሹት ቀላል አይደሉም። ሲያርዱ ቢላው ያለፈው ከመንጋጋው ሥር፣ ነጩ የጉሮሮ ፀጉር ካለበት ቦታ ላይ ነው። የተሰቀለ ራስ ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሆን ቁሞ የሚያየው ሰው ቀጥታ የሚመለከተው ይህንኑ ቦታ ነው። አንገቱ ጀርባ ላይ ያለው ቡናማ ፀጉር ረዥምና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ስፌትን ይሸፍናል፤ ነጩ ጉሮሮ ላይ ግን ቢላው ፀጉሩን ራሱን አግድም ስለሚቆርጠው፣ ቆዳው በጥንቃቄ ቢሰፋ እንኳ የተቆረጠው ፀጉር እንደ ተላጨ መስመር ሆኖ ይታያል። አንድ ጊዜ በስለት የተቆረጠና ከአንድ ስንዝር ያነሰ ከሆነ ከውስጥ በኩል በትናንሽ ስፌት ይያያዛል፤ ራሱም ቀና ባለ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ በሚሄድ አቋም ከተሠራ ጉሮሮው ጥላ ውስጥ ይገባል። የእርስዎ ግን እንደጻፉልኝ ከጆሮ ሥር እስከ ጆሮ ሥር የደረሰና ሁለት ጊዜ የተመላለሰ ነው። እንዲህ ያለውን ሰፍቶ ገንዘብ መቀበል ይቻላል፤ እኔ አልቀበልም።

ሌላው መንገድ ተመሳሳይ መጠን ካለው ሌላ አጋዘን የአንገት ቆዳ ገዝቶ በእርስዎ ቀንድ ላይ ማልበስ ነው። በሙያው የተለመደ ነው፣ ማንም አይለየውም። ነገር ግን የቆዳው ዋጋ በሥራው ዋጋ ላይ ይጨመራል፤ እርስዎም ባዩት ቁጥር የሚያውቁት ፊት አይሆንም።

ለወደፊቱ ስለ ማረዱ፣ የሃይማኖቱን ነገር ለንስሐ አባትዎ እተወዋለሁ፤ የእጅ ሥራውን በተመለከተ ግን ሳንባና ልብ የተመታ አጋዘን ደሙ ደረቱ ውስጥ ስለሚፈስ ሆዱ ሲከፈት አብሮ ይወጣል። ለማሠራት ያሰቡትን ቆዳ ሲገፉ ከፊት እግሮቹ ጀርባ አንድ ስንዝር ያህል አልፈው ዙሪያውን ይቁረጡ፤ ብዙ ሰው አንገቱ ላይ አሳጥሮ ቆርጦ ያመጣና ደረቱን ከየት እንደማመጣለት ይጠይቀኛል። ጉሮሮውን ከፊት ለፊት በምንም ምክንያት አይሰንጥቁት፤ መሰንጠቅ ካለበት በማጅራቱ በኩል ነው።

የልጅዎን አጋዘን ግን ከማሠራትዎ በፊት ማረጋገጥ የሚገባዎት አለ። ሳያቀልጡ ፌስታሉን ከፍተው የጆሮውን ጫፍ፣ አፍንጫውንና የዓይኑን ቆብ ይዩ። እነዚህ ስስ ቦታዎች ስለሆኑ ፍሪዘር መጀመሪያ የሚያደርቃቸው እነርሱን ነው። ጆሮው ተጨማድዶ፣ እንደ ደረቀ ቋንጣ ጠንክሮና ቢጫ ሆኖ ካገኙት ያ ቦታ ውኃ መልሶ አይጠጣም፣ ማልፊያውም አይገባበትም፤ ሲሠራ ይሰነጠቃል። ደህና ከሆነ አየሩን አስወጥተው በሁለተኛ ፌስታል አጥብቀው ይጠቅልሉት። ጨው አይነስንሱበት፤ ጨው ለጥሬ ቆዳ ጥሩ ነገር ቢሆንም ጨው የነካው ቆዳ በደንብ ስለማይበርድ ወይ ጨው ወይ ፍሪዘር ይምረጡ።

ሁለተኛው ፈተና ባለሙያው ዘንድ የሚደረግ ነው፤ አብረው ቁመው ይዩት። ቆዳው ሲቀልጥ ከጆሮ ሥርና ከጉንጩ ላይ ጥቂት ፀጉር በሁለት ጣት ቆንጥጦ በቀስታ መሳብ ነው። ፀጉሩ ከያዘ ሰላም ነው። በሥሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያለ ስስ ሽፋን ይዞ ከተነሣ ግን ቆዳው ከመብረዱ በፊት ሞቆ ሰንብቷል ማለት ነው፤ ማልፋት የረገፈን ፀጉር አይመልስም። እንደጻፉልኝ በታደነበት ምሽት ውርጭ ስለነበረና በማግስቱ ጠዋት ፍሪዘር ውስጥ ስለገባ ደህና እንደሚሆን እገምታለሁ። ጥይቱም የገባው ከትከሻው ጀርባ በመሆኑ ቀዳዳው ከሥራው ውጭ ይቀራል።

ቅርንጫፉ ስድስት ብቻ መሆኑ አያሳስብዎት። ከዓመታት በኋላ ደንበኞቼ ቤት ስሄድ እንግዳ ሲመጣ የሚተረክለት የመጀመሪያው፣ ወይም ከአባት ጋር የታደነው ነው፤ ትልቁ ብዙውን ጊዜ ምድር ቤት ወርዶ አገኘዋለሁ።

ስለ መዝገቡ ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ1887 የተቋቋመውና መዝገቡን የሚይዘው የአሜሪካ አዳኞች ማኅበር፣ ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ፣ ቀንዱ ሚዛናዊ ለሆነ ነጭ ጅራት አጋዘን ለዘላቂው መዝገብ የሚጠይቀው 170 ኢንች ነጥብ ነው፤ ሕጋዊ ልኬቱም የሚደረገው ቀንዱ 60 ቀን ከደረቀ በኋላ ነው። ከላኩልኝ ፎቶ እንደማየው የእርስዎ ወደዚያ አይደርስም። ለማንኛውም የራስ ቅሉን ለሁለት አይሰንጥቁት፤ የተሰነጠቀ አይለካም።

ትልቁን በቤትዎ ለመሥራት ቆዳውን ገፍፈው፣ ዓይኑን፣ ምላሱንና አንጎሉን ያውጡ። ከዚያም በሰፊ ድስት፣ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው፣ ከቤት ውጭ ይጣዱት፤ ሽታውን ባለቤትዎ አይችሉትም። ውኃው እንዳይንተከተክ፤ እንደ ዶሮ ወጥ በዝግታ ይብሰል። በኃይል የፈላ እንደሆነ የአፍንጫው ስስ አጥንቶች ይለያያሉ፣ ጥርሱም ይረግፋል። ቀንዱን ከውኃው በላይ ያድርጉት፣ ሥሩንም በፕላስቲክና በፎይል ይጠቅልሉት፤ አለበለዚያ ቡናማ ቀለሙ ይለቃል። ሥጋው ሲለቅ ፍቀው፣ ውኃ ቀይረው ይድገሙት። ከዚያም ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ውስጥ፣ ውኃውን እየለወጡ፣ ስቡ እስኪወጣ ለቀናት ይተዉት፤ ስብ የቀረበት አጥንት ከዓመት በኋላ ቢጫ ይሆናል። ለማንጣት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጠቀሙ። በረኪና በፍጹም አያስነኩት፤ ለጊዜው ያነጣል፣ ቆይቶ ግን አጥንቱን እንደ ኖራ ያፈራርሰዋል። ለባለሙያ ቢሰጡት እኔ ባለሁበት አካባቢ ከ100 እስከ 200 ዶላር ይሆናል፤ የትከሻ ሥራ ግን ከ700 ይጀምርና ሺሕ ያልፋል።

የተርኪው ጅራት በካርቶን ላይ ተዘርግቶ ከደረቀ ባለሙያ አያስፈልገውም፤ ሥሩ ላይ የቀረ ሥጋ ካለ ፍቀው ቦራክስ (ነጭ የማጠቢያ ዱቄት) ይነስንሱበት። ጭልፊቱን ግን ማንም አይሠራልዎትም። እ.ኤ.አ. በ1918 በወጣው የአሜሪካ የስደተኛ አእዋፍ ሕግ መሠረት ሞቶ ቢገኝ እንኳ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ ላባውን ጭምር፣ ክልክል ነው። ወደ ግዛትዎ የዱር እንስሳት ቢሮ ደውለው ምን እንደሚያደርጉት ይጠይቁ፤ ወደ ባለሙያ ሱቅ ይዘውት አይሂዱ።

የአባትዎ ቀንድ ሌላ ዓይነት ነገር ነው። እዚህ ያለነው ዲሩን ሁሉ አጋዘን ብንለውም፣ ያገራችን አጋዘን ቀንዱ ጠምዛዛ ነው፣ በየዓመቱም አይረግፍም፤ ከውስጥ አጥንት፣ ከውጭ እንደ ጥፍር ያለ ሽፋን ነው። ብል የሚበላው ይህን ሽፋን ነው። ቤተሰብዎ ቀንዱን ነጭ ወረቀት ላይ አቁመው ጥቂት ቀን ይተዉት፤ ሥሩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ከወረደ ትል አለው ማለት ስለሆነ በፕላስቲክ ጠቅልለው ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። ለማምጣት ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የመውጫ ፈቃድ፣ እዚህ ደግሞ ለአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ማሳወቅ ይጠይቃል፤ በሻንጣ ይዞ መምጣት ቀንዱን ማስወረስ ነው። እኔ ብሆን እዚያው በእንጨት ላይ አስለጥፌ አባቴ ሳሎን ውስጥ እተወው ነበር። አያቶቻችን የገደሉትን አንበሳ ጎፈር ራሳቸው ላይ ነበር የሚያደርጉት፤ ግድግዳ ላይ መስቀል ለእኛ አዲስ ነገር ነው።

የልጅዎን ራስ ለእኔ በፖስታ ልላክ ወይ ብለው ነበር፤ አይላኩ። አጋዘንን እያከሳ በሚገድለው የአንጎል በሽታ ምክንያት ብዙ ግዛቶች አንጎሉ ያልወጣ ራስ ከሌላ ግዛት እንዲገባ አይፈቅዱም። በአቅራቢያዎ ያለ ባለሙያ ይፈልጉና፣ አዲስ ያጠናቀቀውን ሳይሆን ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት የሠራውን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ የዓይኑ ዙሪያና የከንፈሩ ጠርዝ ተላቆ እንደሆነ ያኔ ይታያል። ብዙዎቻችን ከስድስት ወር እስከ ዓመት እናስጠብቃለን። ሲሄዱ ልጅዎን ይዘው፣ ራሱን ሳያቀልጡ ይውሰዱ፤ ከመሄድዎም በፊት ግድግዳውን በሜትር ይለኩ፤ ሰው ወደ ሳሎኑ የሚገባበት በር በየት በኩል እንደሆነ ነግረው ፊቱ ወደ በሩ የዞረውን ፎም እንዲያዝልዎት ይንገሩት።