የኮምቦልቻ–ደሴ ዳገትና ሃይድሮጅን የተቀላቀለበት ጋዝ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል በቤንዚን የሚሠራ ሚኒባስ አሽከረክራለሁ። በሕንድ አገር የተፈጥሮ ጋዝና ሃይድሮጅን ተቀላቅለው አውቶቡስ እንደሚነዳባቸው ሰምቻለሁ። የሃይድሮጅኑ ጥቅም ምንድን ነው? በእኛ ዳገት ላይስ የሞተሩን ጉልበት አይቀንስም? ደግሞም አንድ ሰው ከባትሪው በሚወስደው ኤሌክትሪክ ውሃን ወደ ሃይድሮጅን እየለወጠ ቤንዚን የሚቆጥብ ዕቃ ልግጠምልህ ብሎኛል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። በዴልሂ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 18 በመቶ ሃይድሮጅን የተቀላቀለበት የተፈጥሮ ጋዝ በ50 አውቶቡሶች ላይ መሞከር ተጀምሯል።

ብዙ ሰው ሃይድሮጅኑ የሚፈለገው ለሚሰጠው ሙቀት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ድብልቁ ከሚይዘው ቦታ 20 በመቶውን ሃይድሮጅን ቢይዘው እንኳ ከጠቅላላው ሙቀት የሚያዋጣው 7 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ዋናው ስጦታው ፍጥነት ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሜቴን በረጋ አየር ውስጥ ሲቀጣጠል ነበልባሉ በሰከንድ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የሃይድሮጅን ነበልባል ግን ከ2 ሜትር በላይ ይሄዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ አየር በዝቶ ጋዝ ያነሰበት ስስ ድብልቅ ሲሰጠው ሜቴን ይበልጥ ስለሚዘገይ፣ ካንዴላው ከለኮሰው በኋላ ነበልባሉ ሲሊንደሩን ሳያዳርስ ፒስተኑ ወደ ታች ይወርድና ያልነደደው ጋዝ በማርሚታው ይወጣል። ጥቂት ሃይድሮጅን ይህን መዘግየት ስለሚያስወግድ ሞተሩ በስስ ድብልቅ ሳይንተፋተፍ ይሠራል። ይሁን እንጂ እሳቱ ስለፈጠነ ካንዴላው የሚለኩስበት ጊዜ ዘግየት ማለት አለበት፤ ይህ ካልተስተካከለ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሲሊንደሩም ከልክ በላይ ስለሚግል መርዛማው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይጨምራል።

ወደ ዳገቱ እንመለስ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥተው ሲወጡ ሦስተኛ ማርሽ አልችል ብሎዎት ወደ ሁለተኛ የሚመልሱት አንድም ለዚህ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ በሲሊንደሩ ውስጥ የአየሩን ቦታ ይሻማል፤ ከሚገባው ድብልቅ አንድ አሥረኛ የሚጠጋውን ስለሚይዝ፣ ከቤንዚን ወደ ጋዝ የተለወጠ ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል። ሃይድሮጅኑ በዚህ ላይ የሚጨምረው ድካም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ምክንያቱም ሙቀቱ ቢያንስም ለመንደድ የሚፈልገው አየርም ያንኑ ያህል ያነሰ ነው። ስስ ድብልቅ ከተመረጠ ግን ጉልበት መቀነሱ አይቀርም፤ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ተርቦ (ተርቦቻርጀር) ለሌለው የእርስዎ ሞተር ይህ ከባድ ነው። በአንድ ሙሌት የሚሄዱት ርቀትም ከንጹሕ የተፈጥሮ ጋዝ ጋር ሲነጻጸር ያጥራል።

ጋዙን በመኪና ላይ ለመያዝ የማእድ ቤቱ የጋዝ ሲሊንደር አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ጋዝ ሜቴን አይደለም። የተፈጥሮ ጋዝ በ200 ባር ግፊት ስለሚታጨቅ የራሱ ወፍራም ሲሊንደር ያስፈልገዋል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ አንዳንድ ብረቶች ውስጥ ሰርጎ ተሰባሪ ስለሚያደርጋቸውና ስለሚሰነጥቃቸው፣ ሲሊንደሩም ሆነ ቱቦው ለድብልቁ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት።

ልግጠምልህ ያለዎትን ሰው ግን አይስሙት ብለን አጥብቀን እንለምንዎታለን። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ያው ቤንዚን የሚበላው ሞተር ነው። ከቤንዚኑ ሙቀት ሩብ ያህሉ ብቻ ወደ ሥራ ይለወጣል፤ ከዚያ ላይ ዲናሞውም ውሃውን የሚከፍለው ዕቃም የየድርሻቸውን ሲያባክኑ፣ ተመልሶ የሚገባው ሃይድሮጅን ከወጣበት ቤንዚን እጅግ ያነሰ ይሆናል። ከኪሳራው የሚከፋው አደጋው ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ሃይድሮጅኑንና ኦክስጅኑን ሳይለይ ስለሚያወጣቸው፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ የውጭ አየር ሳያስፈልገው በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ከመኪናው ኋላ ተሳፋሪ እንደተቀመጠ አይርሱ።

የሥራ ባልደረባዎ አስገጥሞት ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው በሰው እየተገፋ ከጋራዡ ወደ ደጅ ይውጣ፤ የባትሪው ገመድ ይላቀቅ፤ ዕቃው ከተነሣ በኋላም ለቱቦው ተብሎ በአየር ማስገቢያው ላይ የተበሳው ቀዳዳ በሚገባ ይደፈን።