ኢንሱሊን መብራት በሚጠፋበት ሰፈር፦ ለኮዬ ፈጬዋ እህት

እህቴ፣ «እናቴ ኢንሱሊን ጀመረች፣ መብራት እየጠፋ አስቸገረን፣ የት ላስቀምጠው?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት። እማዬ መርፌ ከጀመረች 4 ዓመቷ ነው።

1. ፍሪዘር ውስጥ እንዳታስገቢው! እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። መብራት ቢጠፋም ቅዝቃዜው ይቆይልኛል ብዬ የሁለት ወሩን ብልቃጥ በሙሉ እዚያ ከተትኩት። በረዶ ሆነ። አቅልጬ ወጋኋት። በሳምንቱ እማዬ ውሃ ውሃ አለች፣ ሌሊት አምስት ስድስቴ ለሽንት ትነሳለች። ስኳሯን ስንለካው ከ400 በላይ! እኔ ደግሞ ተደብቃ ጣፋጭ የበላች መስሎኝ ተቆጣኋት። ዛሬም ይቆጨኛል። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም። ነጩን (እንደ ወተት የደፈረሰውን) ኢንሱሊን ስታንከባልዪው ጓል ወይም ፍርፋሪ ካየሽበት ጣይው።

2. የጤና መድህን መታወቂያውን አሳድሺ። ያን ቀን ሪፈር ለማጻፍ ስንሮጥ፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «አልታደሰም» ብላ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን ወረቀቱን ገፋችው። እማዬ አግዳሚው ላይ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀምጣለች። አንድ ሰው «እናቴ ምን ሆኑ?» አላላትም። ተበድሬ አሳከምኳት። መታደስ የነበረበት እኮ ገና ባለፈው ወር ነበር!

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ፍሪጁ መሃል መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላው ግድግዳ ራቅ አድርጊው። የተከፈተው ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ ለ4 ሳምንት ያህል ውጭ ይቆያል። የኛ ሰፈር ብርዳም ነው፤ ፀሐይ የማይነካው ቁምሳጥን ይበቃዋል። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፊ።

መብራት ጠፍቶ ሲቆይ እኔ ትንሹን ማሰሮ ትልቁ ውስጥ አስቀምጬ፣ መሃሉን እርጥብ አሸዋ ሞልቼ፣ ብልቃጡን በፌስታል ቋጥሬ ትንሹ ውስጥ አኖረዋለሁ። አፉን በእርጥብ ጨርቅ እሸፍናለሁ። የፍሪጅ ያህል አይቀዘቅዝም፣ ግን ከሙቀት ያድነዋል።

ስኳሯ ከፍ ቢልም መጠኑን በራስሽ አትጨምሪ፤ ሐኪሟን ጠይቂ። የእማዬ የሦስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራ ውጤት (HbA1c የሚሉት፣ በመቶኛ የሚነገረው) ከ11 ወደ 7.2 ወርዷል። መርፌውን አሁን ራሷ ናት የምትወጋው፤ አሸዋውንም ውሃ የምታጠጣው እሷው ናት።