ከውስጥ የሚያልበው የጠላቂ ሰዓት

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ፊቱ ላይ ማንታ ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ የተሳለበት ልዩ እትም የጠላቂ ሰዓት ከገዛሁ ገና ሦስት ወሬ ነው። ፀሐይ ላይ ቆይቼ ባሕር በገባሁ ቁጥር መስታወቱ ከውስጥ ያልበዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ይጠፋል። ጀርባው ላይ 200 ሜትር የሚል ጽሑፍ አለ። ልተወው ወይስ ላስከፍተው?»

አይተዉት፤ ባገኙት ሰው እጅም አያስከፍቱት። ላቡ ጠፋ ማለት እርጥበቱ ወጣ ማለት አይደለም፤ መስታወቱ ሲሞቅ ውሃው ተን ሆኖ እዚያው ውስጥ ይቆያል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ደግሞ ተመልሶ ይታያል። ሊታወቅ የሚገባው እርጥበቱ ሰዓቱ ሲገጠም አብሮ የታሸገ ነው ወይስ አሁንም ከውጭ እየገባ ነው የሚለው ነው። ላቡ ከዋና ወደ ዋና እየሰፋ ከሄደ፣ ሰዓቱ የሚያስገባበት ቀዳዳ አለው ማለት ነው።

የጠላቂ ሰዓቶች መለኪያ የሆነው አይ ኤስ ኦ 6425 ለዚህ ቀላል ፍተሻ አለው፦ ሰዓቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ ሳህን ላይ ይደረግና መስታወቱ ላይ ቀዝቀዝ ያለ የውሃ ጠብታ ይቀመጣል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጠብታው ሲጠረግ ከውስጥ ላብ ከታየ ሰዓቱ ወድቋል። የእርስዎ ሰዓት ይህንኑ ፍተሻ ባሕር ውስጥ በራሱ አድርጎ ወድቋል።

«200 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ አያዘናጋዎት። መለኪያው ሰዓቱ ከተጻፈበት ጥልቀት 25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት እንዲፈተን ያዛል፤ ፈተናው ግን የሚናገረው ውሃ እንዳይገባ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች በዚያ ቀን ስለነበሩበት ሁኔታ ነው። በጎን ያለው መሙያ እስከ መጨረሻው ካልተጠመዘዘ ወይም በሚጠመዘዝበት ጥርሱ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከተቀረቀረች ጥልቀት የሌለው ውሃም ይገባል። ሰዓቱ በደረቀበት ሰዓት መሙያውን ፈትተው ጥርሱን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። እኔ ዘንድ ከሚመጡት አብዛኞቹ ችግራቸው እዚያ ነው።

ልዩ እትም መሆኑ ጥንቃቄውን ያከብደዋል። የጃፓኑ ሰዓት አምራች ሴይኮ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በጀመረው የውቅያኖስ ጥበቃ ተከታታይ ውስጥ እንዳሉት ዓይነት ሰዓቶች፣ የውስጡ ማሽን ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ሞዴል ጋር አንድ ስለሆነ ቢበላሽም ምትክ ይገኝለታል። የማይገኘው እንስሳው የተሳለበት ፊት ነው። እርጥበት ቀለሙን ያሳብጠዋል፣ በጨለማ የሚያበራውንም ቅብ ያጠቁረዋል፤ የእትሙ ምርት ካበቃ በኋላ ደግሞ ምትክ ፊት ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። የጀርባ ክዳኑም ቅርጽ ካለበት መክፈቻው ተንሸራቶ ይጭረዋል። ጅራቱ ላይ የተጫረ ዓሣ ነባሪ ያለበት ክዳን አንድ ጊዜ ቀርቦልኝ ነበር፤ ባለቤቱ ስለ ማሽኑ አንድም ቃል አልጠየቁኝም።

ዋስትናው ገና ስላልተቃጠለ በመጀመሪያ ወደ አምራቹ የአገልግሎት ማእከል ይውሰዱት፤ ሌላ ሰው ከከፈተው ዋስትናው ሊቀር ይችላል። ሳይከፈት በፊት በአየር ግፊት ደረቅ ፍተሻ እንዲደረግለት ይጠይቁ፤ የሚያስገባ ሰዓትን በቀጥታ ውሃ ውስጥ መጫን ጉዳቱን ያባብሰዋል። ከተከፈተ በኋላ የክዳኑና የመሙያው የጎማ ቀለበቶች በአዲስ ይተኩ፣ ስስ የሲሊኮን ቅባትም ይቀቡ፣ ፍተሻውም እንደገና ይደገም።

እስከዚያው ውሃ አያስነኩት። ሩዝ ውስጥ መቅበር ለታሸገ ሰዓት ፋይዳ የለውም፤ የፀጉር ማድረቂያም ጎማውን ያደርቀዋል። ከላብ አልፎ ጠብታ ከታየ ግን ጨዋማ ውሃ ገብቷል ማለት ነውና ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ጨው ብረቱን በፍጥነት ስለሚያዝግ በዚያው ቀን ባለሙያ ይክፈተው።