መልስ፦ ቡሬ ለሚቆመው መታሰቢያ የጣሊያኑ ቦምብ ጣይ ዓይነት

ወንድሜ፣ ቡሬ ላይ በሚቆመው የሰማዕታት መታሰቢያ ድንጋይ ላይ የትኛው የጣሊያን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይጻፍ ብላችሁ ጠይቃችኋል። ፎቶው ላይ ሦስት ሞተር ስለታየ ብቻ «ካፕሮኒ 133» ብላችሁ ድንጋይ ላይ እንዳታስቀርጹ። ሳቮያ ማርኬቲ 81ም 79ም ባለ ሦስት ሞተር ናቸው። መጀመሪያ ክንፉን እዩ፤ ከላይ ከተቀመጠ ካፕሮኒ፣ ከታች ከሆነ ሳቮያ ነው። የ79ኙ ጎማ በበረራ ላይ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የ81ዱ አይታጠፍም።

ዋናው ማስረጃ ግን እጃችሁ ላይ ያለው የሞተር ስብርባሪ ነው። ሲሊንደሮቹ ወላልቀው ሊሆን ስለሚችል የተረፉትን ሳይሆን እቅፉ (ሲሊንደሮቹ የሚገጠሙበት የሞተሩ አካል) ላይ ያሉትን ትልልቅ የሲሊንደር መግጠሚያ ቀዳዳዎች ቁጠሩ። 7 ከሆነ ወደ ካፕሮኒ ያመዝናል፤ የካፕሮኒ 133 ሞተር፣ ፒያጆ የተባለው፣ ባለ 7 ሲሊንደር ነውና። 9 ወይም በሁለት ረድፍ 14 ከሆነ ወደ ሳቮያ ያመዝናል፤ 81 በተለያየ ሞተር ተሠርቷልና።

ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር የሞተሩ እንጂ የአውሮፕላኑ አይደለም፤ ሞተር ይቀያየራል። የአውሮፕላኑ መለያ «ኤም. ኤም.» (MM፣ የጣሊያን ወታደራዊ መለያ ቁጥር ምልክት) ከሚለው ቀጥሎ የሚጻፈው ነው። እሱ ካልተገኘ «ካፕሮኒ» ወይም «ሳቮያ» ብቻ ብሎ መጻፍ ለሰማዕታቱ ክብር ይበቃል፤ የተሳሳተ ቁጥር ከመቅረጽ ይሻላል።